የበጎ ፈቃድ የመዝናኛ ማኅበርና የኃላፊነት መድን

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ጥያቄዎቹን መልሱ።

የአንድ ሰፈር ወጣቶች ተሰባስበው የእግር ኳስ ማኅበር አቋቋሙ እንበል። አሠልጣኙ ደመወዝ የለውም፤ ኳስና ማልያ የሚገዛውም ከአባላቱ መዋጮ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በሚገባ ያልተተከለ የግብ ብረት፣ ጨዋታ ይመለከት በነበረ ሕፃን ላይ ወድቆ እግሩን ሰበረው። የሕክምናውን ወጪ ማን ይክፈል?

«እኛ ያለ ዋጋ የምንሠራ በጎ ፈቃደኞች ነን» ማለት አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028፣ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዛል። ይኸው ሕግ ግን የስፖርትን ጠባይ አልዘነጋም። በቁጥር 2068 መሠረት፣ በጨዋታ ላይ ሌላውን ተጫዋች ወይም ተመልካችን የጎዳ ሰው፣ ተንኮል ካልሠራ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ ኃላፊ አይሆንም። እንግዲህ በደንቡ መሠረት ኳስ ሲሻማ ባልንጀራውን የጣለ ተጫዋች ካሣ አይጠየቅም፤ የግብ ብረቱን በቸልታ የተከለው ግን ሊጠየቅ ይችላል።

የኃላፊነት መድን የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው። ማኅበሩ አረቦን ይከፍላል፤ መድን ሰጪውም በውሉ ወሰን ለተጎዳው ሰው የሚገባውን ካሣ ይከፍላል። እድር በዚህ ስፍራ አይተካውም፤ እድር የሚደርሰው ሐዘን ለገጠመው አባሉ እንጂ አባሉ ለጎዳው የውጭ ሰው አይደለምና።

ባለ ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ይገደዳል። የመዝናኛ ማኅበር ደግሞ የሥራውን አደጋ ራሱ ሊመዝን ይገባዋል። ቼዝ ለሚጫወቱ አደጋው ጥቂት ነው፤ ሕፃናትን ዋና ለሚያስተምሩ ግን ብርቱ ነው።

ይሁን እንጂ መድን ገንዘብ ይከፍላል እንጂ የሕፃኑን ሥቃይ አያስቀርም። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አስቀድሞ የግብ ብረቱን አጥብቆ መትከል ይገባል፤ መድኑ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

የቃላት ፍቺ
አረቦን፦ መድን የገባ ሰው ለመድን ሰጪው የሚከፍለው ገንዘብ።
ካሣ፦ ለደረሰ ጉዳት መተኪያ የሚከፈል ገንዘብ።

ጥያቄዎች
1. በቁጥር 2028ና በቁጥር 2068 መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ አስረዱ።
2. እድር የኃላፊነት መድንን የማይተካው ለምንድን ነው?
3. በምታውቁት ማኅበር ውስጥ ሊደርስ የሚችል አንድ አደጋ ጠቅሳችሁ፣ መከላከያውን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።