ከራስ ደም የሚገኝ ፈውስ፦ መንጋጋ ከተነቀለ በኋላ

ይህን ርዕስ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ የታችኛውን ሦስተኛ መንጋጋ፣ ክፍል ውስጥ "ዊዝደም ቱዝ" የምንለውን፣ እዚያው አገር ቤት አስነቀለ። ሁለት ቀን ደህና ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ሕመሙ ከጆሮው እስከ አናቱ ያዘው፤ "ጥርሱ ይሻለኝ ነበር" ያለኝን አልረሳውም። በማግስቱ ከቆላው ሙቀት ወጥተን፣ በጣርማ በር ዋሻ ብርድ ጉንጩን በጋቢ ሸፍኖ፣ ደብረ ብርሃን ደረስን። ያየችው ሐኪም "የረጋው ደም ወጥቷል፣ አጥንቱ ባዶውን ነው" አለች። ድራይ ሶኬት ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ የረጋ ደም ላይ ነው። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱን ደም ይሞላዋል፣ ይረጋል። በውስጡ ያሉት ፕሌትሌቶች ግሮውዝ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ፤ እነሱም ሌሎች ህዋሳትን ይጠራሉ፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያደርጋሉ። ታዲያ ይህን ሥራ አጠንክረን ብናግዘውስ የሚል ሐሳብ መጣ። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሮበርት ማርክስ ፒአርፒ የተባለውን ዘዴ በመንጋጋ አጥንት ቀዶ ሕክምና ላይ አስተዋወቀ። ነገር ግን ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት ይጨመርበታል፣ ከዚያ እንዲረጋ ደግሞ ሌላ። በ2001 ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሹክሩን ይህን ሁሉ አስቀረው። የእሱ ዘዴ ፒአርኤፍ ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከበሽተኛው ክንድ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ምንም ባልተጨመረበት ቱቦ ይቀዳል፤ ወዲያው፣ በደቂቃ 3000 ዙር፣ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል። ከታች ቀይ ህዋሳት፣ ከላይ ውሃ መሰል ቢጫ ፈሳሽ፣ በመሐል ደግሞ እንደ ጄሊ የረጋ ፋይብሪን ይቀራል። ይህ የመሐሉ በጉጠት ወጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጥና ይሰፋል። ግሮውዝ ፋክተሩንም ቀስ እያለ ለቀናት ይለቃል።

ሴንትሪፊውጅማ ለሽንትና ለሴረም የሚሆን በብዙ ላብራቶሪ አለ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ደም የሚቀዳውና ጥርስ የሚነቅለው ካልተነጋገሩ ደሙ ማሽኑ ውስጥ ሳይገባ ይረጋል። በስህተት ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ከተያዘ ደግሞ እንኳን ፋይብሪን ምንም አይገኝም። "3000 ዙር" የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ የማሽኑ ስፋት ሲለያይ ኃይሉም ይለያያል። መብራት ቢጠፋስ?

ለይፋት ቆላ አንድ ነገር ልጨምር። ወባ ፕሌትሌት ይቀንሳል። ስለዚህ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሳይመረምሩ መንቀል ራሱ ትክክል አይደለም፤ ከእንደዚህ ያለ ደም ጥሩ ፒአርኤፍ መጠበቅም ከንቱ ነው።

ውጤቱስ? ጥናቶች በታችኛው ሦስተኛ መንጋጋ ላይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመም እንደሚቀንስ፣ ድራይ ሶኬትንም እንደሚያሳንስ ያሳያሉ። አጥንት ቶሎ ይሞላል በሚለው ላይ ግን አይስማሙም፤ ብዙዎቹም በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። እኔ ለሕመሙ ብዬ እደግፈዋለሁ፣ ለአጥንቱ ገና ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ወንድሜ በተነቀለበት ማታ ጫት ቅሞ ሲጋራ አጭሶበታል። ተው ያለው ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ ፒአርኤፍ ቢደረግለት እንኳ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ሐኪሟ ጉድጓዱን አጥባ የቅርንፉድ ዘይት የነካው ጎዝ አስገባችለት፤ ስለ ሲጋራውም ቁጭ አድርጋ ነገረችው። ስንመለስ ደብረ ሲና ሳንደርስ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።