ሮንድ ለምትወጣው ለአንተ

ልጄ፣ የሰፈሩ ሰው ሮንዱን እንድታስተባብር እንደ መረጠህ ሰምቼ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ሰጋሁ። ደብረ ታቦር ላይ ብርዱ ከጉና ወርዶ አጥንት ሲሰብር ጋቢ ተከናንቦ የሚዞር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ያገኘኸውን ሰው ልክ ማስያዝ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የማውቀውን ልንገርህ፤ የሚጠቅምህን ያዝ።

1. ተራው ለሁሉም እኩል ይሁን። ባለ ፎቁም፣ ነጋዴውም፣ መምህሩም ይውጣ። «ገንዘብ ልክፈልና ሰው ቅጠሩልኝ» የሚል አይጠፋም፤ ለአንዱ ከፈቀድክ ሮንዱ ሳይውል ሳያድር የድሃ ሥራ ሆኖ ይቀራል። አቅመ ደካሞችን ግን ሳይለምኑህ ከዝርዝሩ አውጣ። ለመሣሪያ ፊሽካና ባትሪ ይበቃል። ክረምት ላይ በተለይ ንቃ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቁልፍ ቢሰበር ጎረቤት አይሰማም፣ ውሻውም ተጠልሎ አይጮኽም። ሌባ ይህን ከአንተ በፊት ያውቃል።

2. የያዝከውን አትምታ፤ አታስመታ። እጅ ከፍንጅ ብትይዘውም በቀጥታ ጣቢያ አድርሰው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። አንተ የዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ቆልፈህ የምታሳድርበት ሥልጣን የለህም። ከደበደብከው ደግሞ ጠዋት ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ፤ የተሰረቀው ቴሌቪዥንም ይረሳል።

3. ዋናው ጭንቅ ምስክር ነው። ሌባውን ሰፈሩ ያውቀዋል። በጉን ማን እንደ ሰረቀው፣ ማን እንደ ገዛው፣ የት እንደ ታረደ ሳይቀር ያውቃል። ፖሊሱ መጥቶ «ማን አየ?» ሲል ግን ያየ ሰው ይጠፋል። በሰው አትፍረድ። የተያዘው ልጅ በዋስ ወጥቶ እዚያው መንገድ ላይ ይቆማል፤ የመሰከረችበት ሴት ደግሞ ውኃ ልትቀዳ በፊቱ ታልፋለች። በእኛ አገር ደም የሚባል ነገርም አለ፤ ጣጣው ከወንድም አልፎ የአጎት ልጅ ጋ ይደርሳል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ሰው ፈሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

አባቶቻችን ለዚህ አውጫጭኝ ነበራቸው፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ አይበተንም። ምስጢር ያለው ለተመረጡ ሰዎች ለብቻ ይናገራል፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል እንጂ የተናጋሪው ስም አይነሳም። ሌባው ካልተገኘ ጉዳቱን አገሩ አዋጥቶ ይክሳል። አውጫጭኝን የሚናፍቁ እኩዮች አሉኝ፤ እኔ አልናፍቀውም። ሥራው ተፈትቶ ንጹሑ ከሌባው እኩል ይጉላላ ነበር፤ ቂም የያዘም ጠላቱን በወፍ አፍ ይከስስ ነበር። ይሁንና አንዱን ነገር ውሰድ፦ ሰው ስሙ ሳይነሳ የሚናገርበት በር ክፈትለት። ሁለት ሦስት የታመኑ ሰዎች ይስሙ፤ አንዷ ሴት ትሁን፣ ሴቶች ለወንድ የማይነግሩት ብዙ ነገር አለና። የሰሙት ለፖሊስ ፍንጭ ይሁን እንጂ ለአንተ ፍርድ አይሁን። ፖሊሱ በፍንጩ ተመርቶ ዕቃውን ከሌባው ቤት ካወጣው፣ ያቺን ሴት ችሎት ፊት ማቆም ላያስፈልግ ይችላል።

4. የቀበሌህን ፖሊስ ሳይቸግርህ ተዋወቀው። ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የሚባለው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ጃፓኖች በየሰፈሩ ኮባን የምትባል ትንሽ ጣቢያ አቁመው ፖሊሱ ቤት ለቤት እየዞረ እንዲተዋወቅ ያደርጋሉ። የእኛው ፖሊስ ግን ሰፈሩን በወጉ ሳያውቅ ይዛወራል። አዲስ ሲመጣ አንተው አዙረህ አሳየው፤ የትኛው የመንገድ መብራት እንደጠፋ፣ የትኛው ጅምር ቤት በር እንደሌለው። ጉቦ ከጠየቀ ለአለቃው ንገር።

5. ሁሉ ነገር ለሽማግሌ አይሰጥም። የድንበርና የስድብ ጠብ ይሰጠው። ሰው የሞተበትንም ጉዳይ ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላ ሽማግሌ ይግባበት፤ እስራት ብቻውን ደም አያደርቅም። ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ሲሆን ግን «በሽምግልና ይለቅ፣ ያግባት» የሚልህን አትስማ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊው ካገባት ከክስ ያስመልጠው ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘግቶታል። ሕጉ የዘጋውን ሽማግሌ በጓሮ አይክፈተው።

6. ዘመኑ ክፉ ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማችን ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልላችን በሙሉ ያለበትን ግጭት ታውቀዋለህ። ሮንዱን የማንም ጦር አታድርገው። የሰው ፖለቲካ አትጠይቅ፣ አትመዝግብ። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ያለ ፈቃድ አትውጡ። በሌሊት የታጠቀ ቡድን ካየህ ልጆቹን ይዘህ ወደ ቤት ግባ፤ ዱላ ይዞ ጠመንጃ የሚያስቆም ጀግና አልፈልግም።

7. ቴዎድሮስ ሁሉም ወደ አባቱ ሙያ ይመለስ ብለው ቢያውጁ፣ የጥስባ ወንበዴዎች እዚሁ ደብረ ታቦር መጥተው «የአባታችን ሙያ ዘረፋ ነውና ይጽናልን» አሏቸው እየተባለ ይተረካል። ንጉሡ መጀመሪያ በሬና ማረሻ ልስጣችሁ፣ እረሱ አሏቸው ይባላል፤ ጦር ያነሱባቸው እምቢ ካሉ በኋላ ነው። ተራኪው ሁሉ መጨረሻውን ይወዳል። እኔን የሚገርመኝ በሬው ነው፤ እንዲያ ያለ ቁጡ ንጉሥ እንኳ አስቀድሞ ሥራ አቀረበ። አንተ የምትሰጠው በሬ የለህም፤ ተራ ግን አለህ። ከማረሚያ ቤት የወጣ የሰፈርህ ልጅ ካለ ከሮንዱ አስገባው፤ መጀመሪያ ላይ ከራስህ ጋር መድበው። የሚቃወሙህ ይኖራሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በየትኛው አጥር እንደሚገባ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ካላቸው ያምጡ በላቸው።