ስለ ከበረ ድንጋይ ፈውስና ስለ መተማ ዕጣን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦሪት ዘፍጥረት በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ሙሴ ከዔደን ስለሚወጡት አራት ወንዞች በሚናገርበት ስፍራ፣ ፊሶን በሚከበው ምድር ከወርቅ ሌላ ሁለት የከበሩ ነገሮች እንደሚገኙ ይነግረናል። ከእነዚህም አንዱ በዕብራይስጥ «በዶላሕ» ይባላል። ይህ ቃል ሊቃውንትን ለሁለት የከፈለ ቃል ነው። ሰብዓ ሊቃናት ወደ ጽርእ በመለሱት ጊዜ እንደ እሳት የሚያበራ ዕንቍ ነው ብለው ተረጐሙት፤ የተጠቀሙበትም የጽርእ ቃል በቀጥታ ሲፈታ ፍሕም ማለት ነው። ከእነርሱ በኋላ የተነሡ ሌሎች ተርጓሚዎች ግን፣ ድንጋይ አይደለም፣ ከዛፍ የሚፈስስ መዓዛ ያለው ሙጫ ነው አሉ። በኦሪት ዘኍልቍ በ11ኛው ምዕራፍ የመናው መልክ በዚሁ በበዶላሕ ተመስሎ ሲነገር፣ ሰብዓ ሊቃናት ራሳቸው የፍሕሙን ዕንቍ ትተው እንደ በረድ የጠራ ድንጋይ ብለውታል። ይህን ክርክር እኛ አንፈርድም። ነገር ግን አንድ ቃል በዕንቍና በሙጫ መካከል መዋለሉ ለያዝነው ጉዳይ መግቢያ ይሆነናል፤ ጉዳያችንም የከበረ ድንጋይ በሽተኛን ይፈውሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ነውና።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ403 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያረፈው የቆጵሮስ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኤጲፋንዮስ፣ በአሮን ልብሰ እንግድዓ ላይ ስለነበሩት አሥራ ሁለት ዕንቍዎች አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በዚያም መጽሐፍ ስለየአንዳንዱ ድንጋይ የዘመኑ ሐኪሞች የሚሉትን አስፍሯል፤ ሰርድዮን የተባለውን ቀይ ድንጋይ ለዕባጭና በብረት ለደረሰ ቁስል እንደሚጠቀሙበት፣ ሰንፔርንም ፈጭተው በወተት እየለወሱ ቁስል እንደሚቀቡበት ይናገራል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ይዘው፣ አባቶች የመሰከሩለት ነው፣ ይላሉ። እኛ ግን አባታችን የዘመኑን ሕክምና እንደ ሰማው መዘገበ እንጂ የሃይማኖት ሥርዓት አድርጎ አልደነገገም እንላለን። በኦሪት ዘጸአት በ28ኛው ምዕራፍ የተጻፈውንም ያስተዋለ ሰው፣ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት የእስራኤል ልጆች ስሞች መሆናቸውን ያገኛል። ሊቀ ካህናቱ ሕዝቡን በልቡ ተሸክሞ ወደ መቅደስ ይገባ ዘንድ ተሠሩ እንጂ፣ ከእነዚያ ድንጋዮች አንዱ ሕመምተኛን ፈወሰ የሚል ቃል በዚያ የለም።

በአገራችን በወሎ፣ በደላንታ በወገል ጤና ገደል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል የተባለው ባለ ብዙ ኅብር ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ፣ ስሙ በዓለም ገበያ ታውቋል። በውጭ አገር የሚሸጡት አንዳንድ ነጋዴዎች ኀዘንን ያርቃል፣ እንቅልፍን ይሰጣል እያሉ ያሞግሱታል። ድንጋዩ ውብ ነው፤ ውበቱም የፈጣሪን ጥበብ ይመሰክራል። ቈፍረው የሚያወጡትም ወገኖቻችን እንጀራ ይበሉበታል። በአንገት በመንጠልጠሉ በሽታን እንደሚያርቅ ግን የተረጋገጠ ነገር የለም።

እንግዲህ የሙጫውን ትርጓሜ ይዘን ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንውረድ። መተማ በሱዳን ወሰን ላይ ያለች፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉባት፣ ስለዚህም የወሰኗ ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የምትባል ምድር ናት። ይህ ቆላ ስሙ የተጠራ ዕንቍ የለውም። ያለው የዕጣን ዛፍ ነው። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ቦስዌልያ ፓፒሪፌራ ይሉታል፤ ሁለተኛው ስም ወረቀት ተሸካሚ ማለት ሲሆን፣ ልጡ እንደ ብራና ስስ እየሆነ ስለሚላጥ የተሰጠው ነው። ዛፉ ሌላ ሰብል በማይበቅልበት ድንጋያማ ተረተር ላይ ይቆማል፤ በበጋም ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ዕርቃኑን ሳለ ያብባል።

አዝመራው ክረምቱ እንደ ወጣ ይጀመርና እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ሠራተኛው በስለታም መሣሪያ የግንዱን ልጥ በትንሹ ይፍቃል፤ ከቁስሉም እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። ፈሳሹ በነፋስና በፀሐይ ደርቆ ዕንባ መስሎ ሲጠጥር ይለቀማል፤ ያው ቁስል እንደ ገና ይከፈታል፤ እንዲህ እየተባለ በሁለት በሦስት ሳምንት ልዩነት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ በኋላ በመጋዘን ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች፣ ፍሬ በፍሬ ይመርጡታል። ነጩና ትልቁ ፍሬ አንደኛ ደረጃ ይሆናል፤ ጠይሙና ከልጥ የተቀላቀለው ወደ ታች ይወርዳል። እነዚያን መራጮች ያየ ሰው ዕንቍ የሚለዩ ጌጠኞች መስለው ይታዩታል፤ ኤጲፋንዮስ የሰርድዮንን ቅላት እንዲሁ እያየ ሳይለይ አይቀርም።

ይህ ሙጫ ይፈውሳልን? በዚህ ላይ ከድንጋዩ ይልቅ የምንለው አለን። በቆላውም በደጋውም ሕዝቡ ለአፍ ጠረን ያኝከዋል፤ ለጉንፋን ይታጠነዋል፤ ትንኝ ለማባረርም ያጤሰዋል። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ከባልንጀሮቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከዕጣን ሙጫ የተለየ ኢንሴንሶል አሲቴት የተባለ ንጥረ ነገር በአይጦች አንጎል ውስጥ ፍርሃትንና ድብታን እንደሚያቀል አሳይተዋል። ይህ ንጥረ ነገር በእኛው ዛፍ ሙጫ ውስጥ ይገኛል። በማዕጠንት ጊዜ ልቡ የሚረጋ ምእመን ይህን ቢሰማ አይደነቅም ይሆናል። ይሁን እንጂ አይጥ ሰው አይደለም፤ ለይተው ያወጡትም ንጥረ ነገር ከጽንሐ የሚወጣው ጢስ አይደለም። ጢስ ደግሞ፣ የዕጣንም ቢሆን፣ በተዘጋ ቤት ሲበዛ ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ሰውና ሕፃን ልጅን ከጢሱ ማራቅ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ ቆላ የሚያሳስበን ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ደቃቅ ነፍሳት ናት፤ የተሰነጠቀ የዋልካ መሬትና የግራር ጥላ ይስማሟታል። ይበልጥ የሚጠቁት ለሰሊጥና ለማሽላ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ወጣቶች ናቸው፤ ሰውነታቸው በሽታውን አያውቀውምና። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ይታይባቸዋል። ካልታከመ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ብዙዎቹ ይድናሉ። በዚህ ጊዜ ድንጋይ በአንገቱ የሚያስር፣ ወይም ዕጣን ብቻ እያጤሰ ሳምንታትን የሚያሳልፍ ቤተ ሰብ፣ ልጁን በእጁ ይገድላል። ካህኑ ጸሎት ያድርስለት፣ ጠበልም ይርጨው፤ በዚያው ቀን ግን ወደ ሐኪም ይላከው። መመርመሪያው ጥቂት የደም ጠብታ ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም ከምድር የሚወጣውንም መድኃኒት የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ አስተምሮናል፤ ከዚህ ሌላ ምስክር አያስፈልገንም።

አሁን ደግሞ ከዛፉ ራሱ ሕመም ላይ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በመተማ አካባቢ በ12 የዕጣን ደኖች የተደረገ ጥናት፣ ችግኞቹ አድገው ለዛፍነት እንደማይበቁ፣ ያሉትም ትልልቅ ዛፎች ፈጥነው እየሞቱ መሆናቸውን ገልጧል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት በእኵሌታ እንደሚቀንስ፣ ዛፎቹም በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ ዘጠናው እንደሚጠፉ ገምቷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ቃጠሎው፣ ከብቱ፣ ግንዱን የሚበላው ጥንዚዛ፣ ለሰሊጥ እርሻ የሚመነጠረው ደን ሁሉ ድርሻ አለው። በኤርትራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ደግሞ ሳይቈሰል ከኖረ ዛፍ የተወሰደ ዘር ከመቶ ከ80 በላይ ሲበቅል፣ ዘወትር ከሚፋቀው ዛፍ የተወሰደው ግን ከመቶ 16 እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። ለመታጠን የምናቈስለው ዛፍ፣ ልጆቹን በማኅፀኑ ሳሉ እያጣ ነው።

ጸሎተ ዕጣን የሌለው ቅዳሴ የለንም፤ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ዛፍ ጋር ከማንም ይልቅ የተሳሰረች ናት። ነጋዴ ዕጣኑ ቢጠፋ ሌላ ሸቀጥ ይይዛል፤ ካህኑ ግን በጽንሐው ፍሕም ላይ ምን ሊጨምር ነው? ስለዚህ ዕጣን ስንገዛ እንዴት እንደ ተለቀመ ብንጠይቅ ነውር አይሆንም። ቁስሉ ከልክ በላይ ቢበዛ ዕጣኑ አይጨምርም፤ ጥቂት ዓመት የተፋቀውም ዛፍ ዐርፎ ዘር እንዲያፈራ መተው አለበት። ይህን ለአጥቢያው ሕዝብ ማስተማር የሰበካ ጉባኤ ሥራ ቢሆን እንወዳለን።

በዚያው ቆላ የማኅበረ ሥላሴ ገዳም አለ፤ ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት በየጠፉ ደኖች መካከል ዛፍ ጠብቀው ኖረዋል። የዕጣን ዛፍ በዘር ብቻ የሚበቅል አይደለም፤ ቅጠል ሳያወጣ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት የተቈረጠ ወፍራም ቅርንጫፍ ቢተክሉት ሥር ሊሰድድ ይችላል። የሚያስፈልገው ለጥቂት ዓመት ከፍየልና ከእሳት የሚጠብቀው አጥር ነው፤ በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አጥሩ አስቀድሞ አለ።