ሙያችሁን ሰፈራችሁ ይወቀው

የፉሪ ወጣት ባለሙያ ቀኑ የሚጀምረው በታክሲ ሰልፍ ነው። በሃና ማርያም ወይም በጀሞ በኩል መሀል ከተማ ይገባል፤ ሲመሽ በመጣበት ይመለሳል። የባንክ ሠራተኛው፣ ሆስፒታል ተረኛ ሆና ያደረችው ነርስ፣ የሕንፃ መሐንዲሱ፣ ሁሉም ሙያቸውን ሌላ ቦታ አውለው ፉሪ የሚደርሱት ደክመው ነው። ጎረቤት የሚያውቃቸው በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ነው። ለእነዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ ዛሬ የምለው አለኝ፦ የያዛችሁት ሙያ ለሰፈራችሁ አሁኑኑ ይጠቅማል፤ ለመጀመር የምትጠብቁት ነገር የለም።

«ትንሽ ሲሞላልኝ» የሚለውን ሐሳብ አውቀዋለሁ። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከትራንስፖርት አያልፍም፤ ማስተርሱ አላለቀም፤ ትዳሩም ገና ነው። እውነት ነው፣ ኑሮ ከባድ ነው። ግን እዚሁ አጠገባችን፣ ሳይሞላላቸው የጀመሩ ሰዎች የሠሩት ሥራ አለ።

ዓለም ገናን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ ከጅማው መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲሠሩ የሚኖሩ፣ መንገዱ የሚያልፍባቸው አካባቢዎች ተወላጆች «አገራችን መንገድ ያስፈልጋታል» ብለው የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበርን አቋቋሙ። በዚያው ዘመን የጉራጌ መንገዶችን የሚሠራ ሌላ ድርጅትም ተመሠረተ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ወታደሩም እያዋጣ፣ መንግሥትም እየደገፈ፣ መንገዱ ወደ ገጠሩ ዘለቀ። እዚህ ጉዳይ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። አብዛኞቹ ሀብታሞች አልነበሩም፤ እንደ እናንተ ከተማ ገብተው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ አቅማቸው ከእድርና ከእቁብ የለመዱት ሥርዓት ነበር፤ በወሩ ማዋጣት፣ መዝገብ መያዝ፣ ገንዘቡን ለሚታመን ሰው መስጠት፣ የቀረውን መጠየቅ። ይህ ሥርዓት ዛሬም በየሰፈራችን አለ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ አዲስ ድርጅት ለመመሥረት አትሩጡ፤ መጀመሪያ እድር ግቡ።

«እድር የሽማግሌ ነው፣ የሚታወሰውም ሰው ሲሞት ነው» የሚል ወጣት ብዙ ነው። እስቲ አንድ የእድር ስብሰባ እናስብ። አባላቱ በወሩ አንድ እሑድ ይሰበሰባሉ፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አባል በየተራ ይከፍላል። መዝገቡ በእጅ የተጻፈና ያረጀ ነው። እናንተ የሂሳብ ባለሙያ ከሆናችሁ ያንን መዝገብ ወደ ኤክሴል ለማዛወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃችኋል። ከዚያ በኋላ ማን እንደከፈለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት በደቂቃ ይታወቃል፤ ጭቅጭቅም ይቀንሳል። ሶፍትዌር የምትሠሩ ደግሞ መዋጮው በቴሌብር እንዲገባ ብታስተካክሉ ገንዘብ ያዡ ጥሬ ብር ይዞ ከመሄድ ይድናል። ሕግ ያጠና ሰው መተዳደሪያ ደንቡን ያነባል፤ ባሏ የሞተባት እናት የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ወዴት መሄድ እንዳለባት ያሳያል።

ነርሷንማ ምን ልበላት! የደም ግፊት ሕመሙን የማያውቅ አባት ጤና ጣቢያ ሄዶ ላይሰለፍ ይችላል፤ ከእድር ስብሰባ ግን አይቀርም። ስለዚህ መለኪያሽን ይዘሽ ከዳኛው ጎን ተቀመጪ። እየከፈሉ ሲያልፉ ክንዳቸውን ይዘረጉልሻል፤ ከፍ ያለበትን ወደ ሐኪም ትልኪያለሽ። ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚያሳዝነኝና ተስፋም የሚሰጠኝ ግን የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እናንተ ያን የትምህርት መንገድ አልፋችሁ የወጣችሁ ናችሁ። ሒሳብ የሚያስረዳ፣ እንግሊዝኛ አብሮ የሚያነብ፣ «እኔም እዚህ ሰፈር እየኖርኩ ነው የደረስኩት» የሚል ሰው ለአንድ የፉሪ ልጅ ምን ያህል ብርታት እንደሚሆነው ገምቱ። ቦታ ከጠፋ የእድሩ አዳራሽ በሳምንቱ መሀል ባዶ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩም እዚያው ተደርድሯል። በአምስት ተማሪ ጀምሩ። ሳምንት እየዘለላችሁ የምታስተምሩ ከሆነ ግን ባትጀምሩ ይሻላል፤ ልጆች ቀጠሮ የሚያፈርስባቸውን ሰው ቶሎ ይተዉታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፉሪ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ፣ እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሁሉ፣ አንድ ክፍለ ከተማ ሆናለች። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ መሬቱን ያረሱ ቤተሰቦችና ከየቦታው የመጡ አዲስ ነዋሪዎች ጎን ለጎን ይኖሩባታል። አዲስ ከመጡት ከሆናችሁ አፋን ኦሮሞ ተማሩ። ጠዋት ደጃቸው ላይ ለተቀመጡት አባት «አካም ቡልተኒ?» ብሎ ሰላምታ መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በብዙ ስብሰባ የማይገኝ መተማመን ግን ይፈጥራል። ሽማግሌ የሚሰማው የሚያከብረውን ወጣት ነው።

ሰው ስለ እናንተ «ምን አግብቶት ነው?» ሊል ይችላል፤ አንዳንዱም «ሊመረጥ ፈልጎ ነው» ብሎ ያማል። ይህን የሚያስቆመው ንግግር አይደለም። በሦስተኛው ወር መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ሲነበብ ሐሜቱ ይበርዳል። ይህን የሰፈር ሥራ ስትሠሩ ደግሞ ሌላም ትርፍ አለ፦ ቢሮ ውስጥ ሰው የማያስተውለው ችሎታችሁ እዚህ ስም ያገኛል። ሰው ማስተባበር፣ አስቸጋሪ ሽማግሌን በትሕትና ማሳመን፣ በትንሽ ገንዘብ ብዙ መሥራት፣ ይህን የሚያስተምር ኮሌጅ አላየሁም።

የሚቀጥለው የእድር እሑድ መቼ እንደሆነ ዛሬ ማታ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። በዕለቱ በሰዓቱ ገብታችሁ መግቢያችሁን ክፈሉ፤ ከስብሰባው በኋላ ዳኛውን «አባቴ፣ ምን የጎደለ ሥራ አለ?» በሏቸው። የሚነግሯችሁን እስኪጨርሱ አዳምጡ። አንድ ጸሐፊ ሳያስፈልጋቸው አይቀርም።