ጥላው ስንት ያስከፍላል? የመኪና ቀለምና የሽያጭ ዋጋ

በአዲስ አበባ መኪና ይዞ ወደ ሥራ የሚወጣ ሰው ጠዋት መጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው። ከዛፍ ሥር ቦታ ያገኘ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። ማታ ሲመለስ ግን ኮፈኑ ላይ የደረቀ የወፍ ኩስ፣ ጣሪያው ላይ የሚያጣብቅ ነጠብጣብ፣ መስተዋቱ ሥር የቅጠል ክምር ይጠብቀዋል። ባለቤቱም በያዘው መሐረብ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ይሄዳል። በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው ይህቺ ‹‹ጠረግ ማድረግ›› በሽያጭ ቀን የምታስከትለውን ኪሣራ ነው።

የተቀመጠ ጥሪት

እንደሚታወቀው በአገራችን መኪና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን ጥሪትም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን የማስገቢያ ወጪ በእጅጉ ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣው ቀለምና ቲነር ዋጋም ከዶላሩ ጋር ተያይዞ መጓዙ አልቀረም። በመሆኑም በእጅ ያለን የቤንዚን መኪና በሌላ መተካትም ሆነ እንደገና ማስቀባት ቀላል ወጪ አይደለም።

ከዚህ አኳያ የገዢውን ሥነ ልቦና ማየት ይጠቅማል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የመረመረው ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛውም ይኸው ነው። ቁም ነገሩ አጭር ነው፤ ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው በማያውቀው ነገር ልክ ዋጋ ይቀንሳል።

ይህ በደላሎች ቋንቋ ሲተረጎም ‹‹ቀለሙ ኦሪጅናል ነው፣ አልተነካም›› የሚለው ቃል ሆኖ እናገኘዋለን። የተነካ ቀለም ያየ ገዢ ‹‹ወፍ ኩሶበት ነው›› አይልም፤ ‹‹ተጋጭቶ ይሆን? ተገልብጦ ይሆን?›› ብሎ ይጠረጥራል። ኮፈኑን ለማስቀባት ካወጡት ገንዘብ በላይ የሚያስቀንሰው ይህ ጥርጣሬ ነው።

ከወረቀት የማይበልጥ ውፍረት

የፋብሪካ ቀለም ጠቅላላ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በመሆኑ፣ ይህ ሁሉ ከአንድ ተራ ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ከላይ ያለውና ቀለም ቀቢዎች ‹‹ክሊር›› የሚሉት ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ደግሞ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። የመኪናውን ውበት የሚሸከመው ይህ ስስ ሽፋን ነው። በፖሊሽ ጭረት ባስጠፉ ቁጥር የሚፋቀውም እሱው በመሆኑ፣ ፖሊሽ ማስደረግ ከዋናው ካፒታል ቀንሶ እንደ መብላት ይቆጠራል።

የከተማችን አየር ጠባይም አያግዝም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀን ፀሐዩ ሽፋኑን ያግለዋል፣ ያስፋፋዋል፤ ሌሊት ቅዝቃዜው መልሶ ያኮማትረዋል። አሲድነት ያለው የወፍ ኩስ በላዩ ደርቆ ካደረ፣ ሽፋኑ የኩሱን ቅርጽ ይዞ ይኮማተራል። ታጥቦም የማይለቀው ጥላሸት መሳይ ክብ ምልክት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ዛፉን ይወቁ

ሁሉም ዛፍ አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርስም። ጥድና የፈረንጅ ጥድ ሙጫ ያንጠባጥባሉ። ባሕር ዛፍ ከሙጫው ሌላ ቅርንጫፍ የመጣል ጠባይ አለው። የጃካራንዳና የግራቪሊያ አበባ ረግፎ ሲረጥብ ይለጠፋል። ሾላና ዋርካ ፍሬያቸውን ፍለጋ ወፎችን ይሰበስባሉ። ቅጠሉ ላይ ክሽክሽ የሰፈረበት ዛፍ ደግሞ ጣፋጭ ፈሳሽ ያርከፈክፋል፤ አቧራው በዚያ ላይ ይጣበቃል።

ቦታ ሲመርጡ ግን የዛፉን ስም ማወቅ የግድ አይደለም። ከመኪናው ከመውረድዎ በፊት መሬቱን ይመልከቱ። አስፋልቱ ነጭ ነጠብጣብ ከበዛበት ወፎች የሚያርፉበት ቅርንጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ ከላይ አለ ማለት ነው። አምስት እርምጃ ፈቀቅ ማለት ይበቃል። ከተቻለም ከዛፍ ይልቅ የሕንፃ ጥላ ይሻላል። የከሰዓቱ ጥላ የሚወድቀው ከሕንፃው በስተ ምሥራቅ በኩል በመሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም መኪና ይህ ጎን ይመረጣል።

ሲቆሽሽ ምን ይደረግ?

የደረቀ ኩስ በደረቅ ጨርቅ በፍጹም አይጠረግም፤ በውስጡ ያለው ጠጣር ነገር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃልና። ኮሮጆ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውኃና ሁለት ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ይያዙ። ጨርቁን አርጥበው ቆሻሻው ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያሳርፉት፤ ከዚያ ሳያሹ ያንሱትና በውኃ ያለቅልቁት። ይህን በዚያው ዕለት ማድረግ ነው ትልቁ ጥንቃቄ።

ሙጫ በውኃ አይለቅም። ለቁስል ማጽጃ የሚሸጠውን አልኮል በጨርቅ ነክረው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ ሲለሰልስ በቀስታ ያንሱት። አስቀድመው በማይታይ ጥግ ላይ ይሞክሩ። እንደገና በተቀባ መኪና ላይ ቲነር ወይም ቤንዚን መጠቀም ግን ቀለሙን ከሙጫው ጋር ማንሳት ነው።

መንገድ ዳር ስናሳጥብም ዓይን ያስፈልጋል። መሬት የወደቀ ጨርቅ አሸዋ ይዞ ይነሣል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ያነሣል፤ የመኪና ሻምፑ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሻምፑ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። የጋለ ኮፈንም በፀሐይ አይታጠብም። መስተዋቱ ሥር የተጠራቀመው ቅጠል የዝናብ መውረጃውን ስለሚደፍን፣ በክረምት ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ በየሳምንቱ ያንሡት።

ሰም እንደ ኢንሹራንስ

ሰም ቆሻሻው በቀጥታ ክሊሩን እንዳያገኘው በመሐል ይገባል። የተፈጥሮ ሰም ለሳምንታት፣ ሰው ሠራሹ ለወራት ይቆያል። ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ከዚያም ይረዝማል፤ ዋጋውም እንዲሁ። የሰሙን መኖር ለማወቅ ውኃ ጠብ ያድርጉበት፤ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ አለ፣ ተንጣሎ ከቀረ አልቋል። የመኪና ልብስ የሚያለብሱ ደግሞ መኪናው ንጹሕና ደረቅ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በአቧራ ላይ የተጎተተ ልብስ ይፍቃል፣ አየር የማያሳልፍ ሸራም እርጥበት ያፍናል።

ለገዢው

እርጥብ መኪና ጭረት ይደብቃል፤ ስለዚህ በቀን ብርሃን፣ ደርቆ ሳለ ይመልከቱ። ከጎን ዝቅ ብለው ሲያዩ ወፍ የበላው ክብ ምልክት ይታያል። በሮቹና ፓራፋንጎው ቀለማቸው ከተለያየ፣ ጎማ ጠርዝ ላይ የቀለም ፍንጣሪ ካለ፣ ትንሽ ማግኔት ላሜራው ላይ አልይዝ ካለ፣ በሥሩ ስቱኮ መኖሩን ይጠርጥሩ። የወፍ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ‹‹ተጋጭቷል›› ብሎ መሸሽ ለገዢውም ኪሣራ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ደህና መኪና በተሻለ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል።

በአጠቃላይ፣ ኮሮጆ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ጠርሙስ ውኃና በቀን አሥር ደቂቃ፣ ለዓመታት የተጠራቀመን ጥሪት ይጠብቃሉ። የዛፍ ጥላ በነፃ የተገኘ ይመስላል፤ ሒሳቡ የሚቀርበው ግን ደላላው መኪናውን ዞር ብሎ አይቶ ‹‹ይቺ ምንድን ናት?›› ያለ ዕለት ነው።