ቃሬ በክኒን አልለቀቀኝም፤ ኦፕራሲዮን ልሁን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ52 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። ቃር ለዓመታት አሠቃይቶኛል፤ ማታ ጋደም ስል ጎምዛዛ ውሃ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል። ኦሜፕራዞል ሁልጊዜ ጠዋት እወስዳለሁ፤ በጾም ግን እህል የምቀምሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ጓደኛዬ «በኦፕራሲዮን ተገላገለው» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ክኒኑን የሚወስዱበትን ሰዓት እናስተካክል። ኦሜፕራዞል በደንብ የሚይዘው ጨጓራ በምግብ ተነቃቅቶ አሲድ ሲያመነጭ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ጠዋት ውጠው 9 ሰዓት ሲበሉ አብዛኛው ጉልበቱ በከንቱ አልቋል። በጾም ቀን 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይውሰዱት።

ቀላል ምክር ይመስላል፤ እዚሁ ዳላስ የሚሠሩት የጨጓራና አንጀት ሐኪም ስቱዋርት ስፔክለር የመሩትን ጥናት ግን ይመልከቱ። በ2019 የታተመው ይህ ጥናት ክኒን አልረዳን ያሉ 366 የቀድሞ ወታደሮችን መረመረ። መድኃኒቱን በሥርዓቱ ሲወስዱ 42ቱ ተሻላቸው። የ99ኙ ቃጠሎ ደግሞ ከአሲድ መመለስ የመጣ አልነበረም፤ እነሱን ቀዶ ሕክምና ምን ይረዳቸዋል? ተጣርተው ኦፕራሲዮንንና መድኃኒትን ለማነጻጸር የቀሩት 78 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ኦፕራሲዮን ከሆኑት 67 በመቶው፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ከተሰጣቸው 28 በመቶው በዓመቱ በሚገባ ተሽሏቸው ተገኙ። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ፍሬ የሚሰጠው ለተመረጠ ሰው ነው። የሚመረጠውም በኢንዶስኮፒ፣ የአሲዱን መመለስ በሚለካ ምርመራና የምግብ ቧንቧውን የመግፋት አቅም በሚያሳይ ምርመራ ነው።

የቆየው ኦፕራሲዮን ኒሰን ይባላል። የጨጓራው አናት በምግብ ቧንቧው ግርጌ ዙሪያውን ተጠቅልሎ ይሰፋል፤ ጨጓራው ወደ ደረት ሾልኮ ከሆነም ወደ ቦታው ይመለሳል። ዛሬ በአብዛኛው በትናንሽ ቀዳዳዎች ይሠራል። ቱፔ የሚባለው ዙሪያውን ሙሉ ስለማይጠቀልል መዋጥ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ያነሱ ናቸው። ሊንክስ ደግሞ በአሜሪካ በ2012 የተፈቀደ የማግኔት ቀለበት ነው፤ ያስገባ ሰው ኤምአርአይ ከመነሣቱ በፊት መናገር አለበት። ያለ ቁስል በአፍ በኩል የሚሠራም አለ፤ እኔ የምመርጠው ችግሩ ቀለል ላለ ሰው ነው። በጣም ለወፈረ ሰው የጨጓራ ባይፓስ ቃሩንም ክብደቱንም ይቀንሳል። ጨጓራን ቆርጦ የሚያጠበው «ስሊቭ» ግን ቃርን ሊያባብስ ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ጓደኛዎ ያልነገሩዎት አለ፦ ከኒሰን በኋላ አንዳንዱ ማግሳት ያቅተዋል፣ ሆዱ ይነፋል። ስፔክለር በ2001 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ኦፕራሲዮን ከሆኑት 62 በመቶው ከዓመታት በኋላ የአሲድ መድኃኒት አዘውትረው ይወስዱ ነበር። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሰዓቱን አስተካክዬ ሁለት ወር እሞክር ነበር፤ ካልተሻለኝ ምርመራዎቹን እጠይቅ ነበር።

ምግብ ከተናነቀዎት፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለስዎ ግን ሁለት ወር አይጠብቁ። ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት የደረት ሕመም ከመጣ ቃር ነው ብለው አይተኙ፤ 911 ይደውሉ።