የሽንኩርት ምርትን በአጭር የስልክ መልእክት ለገበያ ስለማስተዋወቅ

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በመስኖ የሚለማው ቀይ ሽንኩርት በብዛት የሚሰበሰበው በተቀራራቢ ጊዜ ነው። የተነቀለ ሽንኩርት ብዙ አይቆይም፤ ይበሰብሳል፣ ያቆጠቁጣል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ገዢውን ሳያውቅ ምርቱን የነቀለ ገበሬ ደላላው በጠራው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ማኅበሩ ገዢውን አስቀድሞ የሚያገኝበት ቀላል መንገድ አጭር የስልክ መልእክት ነው። መልእክቱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ተራው የእጅ ስልክ ይቀበለዋል።

ስልክ ለግብርና ሥራ እንግዳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የ8028 መስመር ለገበሬው የአመራረት ምክር በስልክ ሲያደርስ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማኅበሩ ራሱ መልእክት ላኪ ሆኖ ምርቱን የሚያስተዋውቅበትን አሠራር ማሳየት ነው።

2. የገዢዎች መዝገብ

በመጀመሪያ መዝገብ ይዘጋጅ። በመዝገቡ ላይ የገዢው ስም፣ ከተማው፣ ስልኩ፣ በአንድ ጊዜ የሚገዛው መጠንና መልእክት እንዲደርሰው የፈቀደበት ቀን ይጻፍ። አንዳንድ አሮጌ ስልኮች የአማርኛን ፊደል ስለማያሳዩ ይህም አስቀድሞ ይጠየቅ። ላልፈቀደ ሰው አይላክ፤ «ይቅርብኝ» ያለም ወዲያውኑ ከመዝገቡ ይሠረዝ።

3. የመልእክቱ አጻጻፍ

በላቲን ፊደል አንድ መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። ከ70 ሲያልፍ መልእክቱ 67 ፊደል በሚይዙ ክፍሎች ይከፈላል፤ ሒሳቡም በክፍሎቹ ልክ ይጨምራል። ስለሆነም ሰላምታና ምስጋና ቀርቶ የሚከተሉት ብቻ ይጻፉ፦

ሀ. የማኅበሩ ስም
ለ. የምርቱ ዓይነትና መጠን
ሐ. የመረከቢያ ቀንና ቦታ
መ. ዋጋና የመጨረሻ ቀን

ምሳሌ፦ «እገሌ ማኅበር፦ ቀይ ሽንኩርት 60 ኩንታል የካቲት 12 ከመጋዘን። ኪሎ 35 ብር። እስከ የካቲት 10 ይደውሉ»

ይህ 68 ፊደል ነው። ዋጋው ለምሳሌ ያህል ብቻ የተጻፈ ነው።

4. መቼ ይላክ

የመጀመሪያው መልእክት ከመነቀሉ በፊት ውሃ በሚቆምበት ጊዜ ይላክ፤ ይህም ሁለት ሳምንት ያህል ፋታ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ የሚጻፈው መጠን ግምት ስለሆነ «ግምት» የሚል ቃል ይጨመርበት። ሁለተኛው ሽንኩርቱ በጥላ ሥር ተዘርግቶ አንገቱ ከደረቀና ከተለየ በኋላ፣ በሚዛን የተረጋገጠው መጠን ተጽፎ ይላክ። ሦስተኛው «ተሽጧል» የሚለው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የጭነት መኪና ተከራይቶ መጥቶ ባዶ መጋዘን ያገኘ ነጋዴ ግን የማኅበሩን መልእክት ዳግመኛ አያምንም።

5. ጥንቃቄ

ዋጋውን የማኅበሩ ኮሚቴ ይወስን፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ለገዢ የተላከው መልእክት ለአባላትም ይላክ፤ አባሉ የተጠራውን ዋጋ ካወቀ በመካከል የሚቀነስበት ቀዳዳ ይጠባል።

የጥራት ደረጃ ሲገለጽ ያለው ብቻ ይጻፍ። ትንንሹ ከትልልቁ ተደባልቆ «አንደኛ ደረጃ» ቢባል በርክክብ ጊዜ ጠብ ያስነሣል።

የስልክ መልእክት ውል አይተካም። ስምምነቱ ከተደረገ በኋላ መጠኑና ዋጋው በጽሑፍ ተፈርሞ ይያዝ። ክፍያ በስልክ ወይም በባንክ ሲፈጸም፣ ገዢው በራሱ ስልክ ላይ የሚያሳየው የክፍያ መልእክት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ገንዘቡ በማኅበሩ ሒሳብ መግባቱን ገንዘብ ያዡ ሳያረጋግጥ ጭነት አይውጣ።

6. ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው ማኅበሩን በአንድ ምርት ወቅትና በዐሥር ገዢዎች እንዲጀምር ይርዳ። በወቅቱ መጨረሻ ስንት ሰው እንደ ደወለ፣ ስንቱ እንደ ገዛ፣ የተገኘው ዋጋም በዚያው ሳምንት በማሳ ላይ ከተሸጠበት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ተመዝግቦ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። ልዩነቱ የመልእክቱንና የመጋዘኑን ወጪ ሸፍኖ ለአባሉ የሚተርፍ ከሆነ መዝገቡ ይስፋ፤ ካልሆነም ጉድለቱ ከመልእክቱ፣ ከጊዜው ወይም ከጥራቱ መሆኑ ተለይቶ ይታረም።